ሱፍ የለበሰው ማክቤዝ ፎርጅድ ነው?

ጥያቄውን የላኩት ለንደን የሚኖሩ አንድ አንባቢ ናቸው። ከባለቤታቸው ጋር «ማክቤዝ»ን ሊያዩ ገቡ። ተዋንያኑ ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ሞባይል ይዘው ብቅ አሉ። «እኔ የጠበቅኩት ጎራዴና ካባ ነበር» ይላሉ። «የቲኬቱ ዋጋ አንገበገበኝ። አንድ ወዳጄ ‹ኦሪጅናሉን ከፈለግክ ቴምዝ ወንዝ ዳር ወዳለው ግሎብ ቴአትር ሂድ› አለኝ። እውነት ኦሪጅናሉ እዚያ ነው? እኔ ያየሁትስ ፎርጅድ ነው? ሰው ለዚህ ነገር መጨነቅ የጀመረውስ ከመቼ ወዲህ ነው?»

ወንድሜ፣ ስለ ቲኬቱ አዝናለሁ። ከሦስቱ ጥያቄዎች ግን ቁልፉ የመጨረሻው ነውና ከሱ ልጀምር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሼክስፒር ራሱ አልተጨነቀም። «ጁሊየስ ቄሳር» ውስጥ ሴረኞቹ ሌሊት ተሰብስበው ሲዶልቱ ሰዓት ይደውላል። በቄሳር ዘመን ሮም ውስጥ የሚደውል ሰዓት ከየት መጣ? ቄሳር ደረቱን ለሕዝቡ ሲገልጥም የሚከፍተው የሮማውያኑን ልብስ፣ ቶጋን፣ አይደለም። የሼክስፒር ዘመን እንግሊዞች ይለብሱት የነበረውን ጠባብ ኮት ነው። ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ የብዕር ሥዕልም አለ። «ታይተስ አንድሮኒከስ» ከተባለው የሼክስፒር ተውኔት አንድ ትዕይንት ያሳያል። የሮማው ጦር አዛዥ ትከሻው ላይ እንደ ጋቢ ያለ ነገር ጣል አድርጓል። ከኋላው የቆሙት ወታደሮች ግን የለንደን ዘበኞች ናቸው ቢባል ማንም ያምናል። ለአለቃው አንዲት የሮማ ምልክት ከተሰጠችው በቂ ነበር።

ይሄ ከድህነት የመጣ እንዳይመስልዎት። በ1599 ለንደንን የጎበኘ ቶማስ ፕላተር የሚባል ስዊዛዊ እንደጻፈው፣ መኳንንቱ ሲሞቱ ምርጥ ልብሳቸውን ለአሽከሮቻቸው ይተዉ ነበር። አሽከር ደግሞ የጌታ ልብስ መልበስ ስለማይገባው ወስዶ ለተዋንያን ይሸጥላቸዋል። ታዋቂው ተዋናይ ኤድዋርድ አሌይን አንድ የከፋይ ካባ ከ20 ፓውንድ በላይ አውጥቶ ገዝቷል። በዚያው ሰሞን አንድ አዲስ ተውኔት የሚሸጠው 6 ፓውንድ አካባቢ ነበር። በአንድ ካባ ሦስት ተውኔት ማለት ነው። እና ያ ሁሉ ወጪ የወጣው ልብሱ እንዲያምር እንጂ ለታሪክ ታማኝ እንዲሆን አይደለም። ተመልካቹ የጥንት ንጉሥ ሲያይ የሚጠብቀው የንጉሥ ግርማ ነው። የየትኛው ዘመን ስፌት እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም።

እኔ በልጅነቴ አልባሳት ክፍል ስሠራ የደረሰብኝን ላጫውትዎ። የአፄዎቹን ዘመን የሚያሳይ ተውኔት ነበር። አንዱ ጋሻ ጃግሬ የእጅ ሰዓቱን ሳያወልቅ ወጣ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አዘጋጁ ያን ማታ እኔን በዓይኑ ሊበላኝ ደረሰ። የሼክስፒር ሰዓት ግን መድረክ ላይ ሲደውል የሳቀ መኖሩን የሚናገር ወሬ አልደረሰንም። ያኛው ተመልካች ዓይኑ ሌላ ነገር ላይ ነበር።

የልብስ ብቻ ጉዳይ ቢሆን ጥሩ ነበር። ቃሉም ቢሆን እንደ ዛሬው አይከበርም። በ1681 ኔሃም ቴት የሚባል ሰው «ንጉሥ ሊር»ን ደስ በሚል ፍጻሜ ጻፈው። የንጉሡ ልጅ ኮርዴሊያ አትሞትም፤ ኤድጋርን አግብታ ትኖራለች። የንጉሡ አጫዋች ጭራሽ ተሰርዟል። ይሄ ነገር የእንግሊዝን መድረክ ለአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ገዛ። አጫዋቹን መልሶ መድረክ ላይ ያቆመው ተዋናዩ ዊልያም ማክሬዲ ነው፣ በ1838።

የእርስዎ «ማክቤዝ»ም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ከ1660ዎቹ ጀምሮ የሚታየው ዊልያም ዳቬናንት ያደሰው ነበር፤ ጠንቋዮቹ የሚዘፍኑበትና በገመድ የሚበሩበት። በ1744 ወጣቱ ተዋናይ ዴቪድ ጋሪክ «ሼክስፒር እንደጻፈው» ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ጄምስ ክዊን የሚባለው አንጋፋ ተዋናይ ይህን ሲሰማ «እኔስ ስጫወት የኖርኩት ሼክስፒር የጻፈውን አልነበረም እንዴ?» አለ ይባላል። ምስኪን። ዕድሜ ልኩን የዳቬናንትን ሲጫወት ኖሮ ኦሪጅናሉ በእጄ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ጋሪክም ቢሆን ጻድቅ አልነበረም። ብዙውን የሼክስፒር ቃል መለሰ፤ መጨረሻው ላይ ግን ማክቤዝ ሲሞት የሚናገረውን ራሱ ጽፎ ጨመረበት። እሱን የመሰለ ተዋናይ ዝም ብሎ ይሙት እንዴ? የለበሰውስ? የራሱን ዘመን የመኮንን ልብስ፣ ደማቅ ቀይ ኮት፣ ከነዊጉ። እስቲ አሁን በሱፍ ይናደዱ። የእርስዎ ሱፍ ለባሽ ማክቤዝ እንግዲህ ቢያንስ ከ1744 የሚቆጠር ቅድመ አያት አለው።

ነገሩ ቀስ እያለ መለወጥ የጀመረው በዚያው ክፍለ ዘመን ነው። ተዋናዩ ቻርልስ ማክሊን በ1741 የ«ቬኒሱ ነጋዴ»ን አይሁዳዊ አበዳሪ፣ ሻይሎክን፣ ሲጫወት የአይሁድ ታሪክ አነበበ፤ ቀይ ቆብም ደፍቶ ወጣ። ለምን ቀይ ሲሉት «የቬኒስ አይሁዶች ቀይ ቆብ ያደርጉ እንደነበር አንብቤያለሁ» አለ። ‹አንብቤያለሁ› የምትለዋ ቃል ለቴአትር አዲስ ነበረች። በ1773 ደግሞ ማክቤዝን የስኮትላንድ ልብስ አልብሶ አመጣው። ያኔ ሽማግሌ ነበር።

ትክክለኛው ዱብ ዕዳ የመጣው በ1823 ኮቨንት ጋርደን በሚባለው የለንደን ቴአትር ቤት ውስጥ ነው። ጄምስ ሮቢንሰን ፕላንሼ የሚባል የ20ዎቹ ዕድሜ ጸሐፊ «ንጉሥ ጆን»ን የ13ኛውን ክፍለ ዘመን ልብስ ላልብሰው ብሎ ለአስተዳዳሪው ለቻርልስ ኬምብል ሐሳብ አቀረበ። ከመቃብር ሐውልትና ከጥንት ማኅተም ላይ እየገለበጠ ንድፉን አወጣ። ተዋንያኑ አኮረፉ። ጠፍጣፋውን የራስ ቁር ሲያዩ «ድስት ደፍተን ልንወጣ ነው፣ መሳቂያ ልንሆን ነው» አሉ። መጋረጃው ተገለጠ። ሕዝቡ ጸጥ ከማለት ይልቅ በጭብጨባ አዳራሹን አናወጠው። የማስታወቂያው ወረቀት ልብሱ ከየት ከየት ማስረጃ እንደተቀዳ ይዘረዝር ነበር። ከዚያ ማታ በኋላ ቴአትር ማስረጃ እንዲያቀርብ ይጠየቅ ጀመር።

ይህን መንገድ እስከ ጫፉ የሄደበት ተዋናዩ ቻርልስ ኪን ነው። ከ1850 እስከ 1859 ኦክስፎርድ ጎዳና ላይ የፕሪንሰስ ቴአትርን ይመራ ነበር። ተውኔቱን ለማየት የመጣ ሰው መጀመሪያ ኪን የጻፈውን ማብራሪያ ያነብባል፦ ይህ ዓምድ ከየት ነው፣ ይህ ጽዋ ከየትኛው ሸክላ ላይ ተወስዷል። በ1856 «የክረምት ተረት»ን ሲያዘጋጅ ችግር ገጠመው። ሼክስፒር ለቦሂሚያ የባሕር ጠረፍ ሰጥቷታል። የዛሬዋ ቼክ መሆኗ ነው፤ ባሕር የላትም። ኪን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የአገሩን ስም ‹ቢቲኒያ› ብሎ ቀየረው። በትንሿ እስያ ያለች፣ ባሕር ያላት፣ ከጥንት ግሪክ ጋርም የምትሄድ አገር ናት። ለታሪክ ታማኝ ልሁን ሲል የሼክስፒርን ቃል ለወጠ ማለት ነው።

ትንሹን ልዑል የተጫወተችው የዘጠኝ ዓመቷ ኤለን ቴሪ ነበረች። የኋላዋ ታላቅ ተዋናይት። የሰጧት አሻንጉሊት ጋሪ ከጥንት የግሪክ ሸክላ ሥዕል ላይ የተቀዳ ነበር። በመጀመሪያው ምሽት፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ባሉበት፣ ልጅቷ የጋሪው እጀታ ጠልፏት በጀርባዋ ወደቀች። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። የሙዚየም ዕቃ ከልጅ እግር ጋር ሲገናኝ የሚሆነው ይኸው ነው።

የመድረኩ ግንብና ዓምድ እስኪቀያየር ጊዜ ይበላል። ጊዜው ከየት ይምጣ? ከቃሉ። ኪን ከሼክስፒር ብዙ ስንኝ ቆርጦ ጣለ። ዘመነኞቹ መጽሔቶችም ቀለዱበት። እኔ ግን በልብስ ሙያ ስላደግኩ ሙሉ በሙሉ ልጨክንበት አልችልም። ያ ጥናት ለሙያችን መሠረት ጥሏል። ለእርስዎ ልነግርዎ የምፈልገው ሌላ ነው፦ ሱፍ ሲያዩ ‹ተሸወድኩ› ያሰኘዎት ስሜት ከሼክስፒር ዘመን የመጣ አይደለም። ከኪን የወረሱት ነው። ፊልሞቹና የትምህርት ቤት መጻሕፍቱ ናቸው ተቀብለው ያደረሱልዎት።

በዚሁ ዘመን ስለ ተዋናዩ ማንነትም ጥያቄ ተነሣ። አይራ አልድሪጅ በ1807 ኒውዮርክ ውስጥ የተወለደ ጥቁር ተዋናይ ነው። በአገሩ ቦታ ስላላገኘ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። በ1833 ኮቨንት ጋርደን ላይ የሼክስፒርን ጥቁር የጦር አዛዥ፣ ኦቴሎን፣ ተጫወተ። የቻርልስ ኪን አባት ኤድመንድ ኪን በዚያው ሚና መድረክ ላይ ተዝለፍልፎ ከወደቀ ገና ሳምንታት ብቻ አልፈው ነበር። እስከዚያ ድረስ ኦቴሎ ማለት ፊቱን ቀለም የተቀባ ነጭ ነው። አሁን ጥቁሩ ሰው ራሱ መጣ። እንግዲህ ‹ኦሪጅናል› ከተባለ ከዚህ በላይ የት ይገኛል? የለንደን ተቺዎች ግን ዘመቱበት። አስገራሚው ነገር ይሄ ነው፦ የአልድሪጅ ማስታወቂያዎች የሴኔጋል መሳፍንት ዘር እንደሆነ ይናገሩ ነበር። የኒውዮርክ ጥቁር መሆኑ አልበቃም፤ የሚፈለገው ዓይነት ‹እውነተኛ አፍሪካዊ› እንዲሆን ታሪክ ተፈጠረለት። ከዚያ አውሮፓን እየዞረ ስሙን ተከለ። ሊርንና ሻይሎክንም ነጭ ተቀብቶ ተጫወተ። በ1867 የሞተው ፖላንድ፣ ዎጅ ከተማ ውስጥ ነው።

ወደ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ደግሞ ፍለጋው ከሙዚየም ወጥቶ ወደ ጓዳ ገባ። የጥንቱ ይቅር፤ የዛሬው ኑሮ እንዳለ ይምጣ ተባለ። ፓሪስ ውስጥ አንድሬ አንቷን የሚባል የጋዝ ኩባንያ ጸሐፊ በ1887 ‹ነፃ ቴአትር›ን ሲመሠርት የመድረኩን ወንበርና ጠረጴዛ ከእናቱ ቤት በጋሪ ጭኖ ነው ያመጣው። በሚቀጥለው ዓመት ስለ ሥጋ ቤት የሚተርክ ተውኔት ሲያሳይ እውነተኛ የበሬ ብልት መድረኩ ላይ ሰቀለ። ሽታው ሳይቀር እውነተኛ ነበር ማለት ነው።

ሞስኮ ላይ የሆነው ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጥብኛል። በ1902 የቴአትር አዘጋጁ ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ የቶልስቶይን «የጨለማ ኃይል» ሲያዘጋጅ ሰዎቹን ይዞ ቱላ አውራጃ ወዳለ መንደር ወረደ። ልብስ ገዛ፣ ዕቃ ሰበሰበ። አንዲት አሮጊት ገበሬም ይዞ ተመለሰ፤ የመንደሩን ወግ እንድታሳያቸው። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ተዋናይት ታማ ስትቀር አሮጊቷ ተተካች። ሁሉም አፉን ከፍቶ ቀረ። ችግሩ፣ በራሷ ቋንቋ ስድቡን ስታወርደው ሳንሱር የሚያሳልፈው አልነበረም። መድረኩ ላይ ሕዝብ ሆነው ከሚቆሙት መሃል ትቁም ተባለ። ዝም ብላ ስትገባ እንኳን አጠገቧ ያሉት ተዋንያን የውሸት ሆነው ታዩ። እሺ፣ እየዘፈነች ብቻ ትለፍ ተባለ። ከሷ በኋላ ማንም መድረክ ላይ ሊቆም አልቻለም። መጨረሻ ላይ ድምጿን በግራሞፎን ቀድተው እሷን አስቀሯት። ይህን ሁሉ የተረከው ስታኒስላቭስኪ ራሱ ነው። አሻንጉሊት የተሞላ ሱቅ ውስጥ አንዲት ሕይወት ያላት ወፍ ስትገባ ዓይነት ነገር ነው። ስታኒስላቭስኪ ከዚያ ወዲህ እውነቱን ከዕቃው ይልቅ ከተዋናዩ ውስጥ ወደ መፈለግ አዘነበለ።

አሁን ወዳጅዎ ወዳለው ግሎብ ልምጣ። ሐሳቡ የጀመረው የኪንን ኮተት ከጠላ ሰው ነው። ዊልያም ፖል ይባላል። የሼክስፒር ኦሪጅናል ያለው ልብሱ ላይ ሳይሆን መድረኩ ላይ ነው አለ፦ ባዶ መድረክ፣ ፈጣን ንግግር፣ ያልተቆረጠ ቃል። በ1893 «ለክፉም ለደጉም መስፈሪያ» ልንለው የምንችለውን ተውኔት የሼክስፒርን ዘመን መድረክ አስመስሎ ሠርቶ አሳየ። ከዚያ አልፎ የዚያን ዘመን ልብስ የለበሱ፣ ፒፓ የሚያጨሱ ‹ተመልካቾች› መድረኩ ዳር አስቀመጠ። ተመልካቹንም ፎርጅድ አደረገው ማለት ነው። ሰውየው ትክክል ነበር፤ ግን ማቆሚያውን አላወቀም።

ግሎብን እንደገና ያሠራው አሜሪካዊው ተዋናይ ሳም ዋናሜከር ነው። በ1949 ለንደን መጥቶ የሼክስፒርን ቴአትር ቢፈልግ ያገኘው የቢራ ፋብሪካ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ሰሌዳ ብቻ ነበር። አሥርት ዓመታት ታገለ፤ በ1993 ሞተ፤ ቴአትሩ በ1997 ተከፈተ። የኦክ እንጨት፣ የኖራ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን። ለንደን በ1666 ከተቃጠለች ወዲህ የሣር ክዳን የተፈቀደለት የመጀመሪያው ሕንፃ ነው። ክዳኑ ላይ ግን እሳት ማጥፊያ የውኃ ቧንቧ ተዘርግቷል፤ ቀና ብለው ቢያዩ ይታያል። ትክክል ነዋ። የመጀመሪያው ግሎብ በ1613 በተውኔት መሃል በተተኮሰ መድፍ ነው የነደደው። ያን ቀን ኦሪጅናል ማየት የሚፈልግ የለም። ቦታውም ትክክለኛው ቦታ አይደለም፤ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ይርቃል።

በተዋናዩ ማርክ ራይላንስ አመራር በእጅ የተሰፋ ልብስ፣ በሼክስፒር ዘመን መሣሪያ የሚጫወት ሙዚቃ፣ ወንድ ብቻ የሆነ ተዋናይ ሞከሩ። በ2002 «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» ላይ ራይላንስ ራሱ ኦሊቪያን ሆኖ ወጣ። ድንቅ ነበር ተባለለት። ነገር ግን በሼክስፒር ዘመን ሴት ሆነው የሚወጡት ድምፃቸው ያልጎረነነ ልጆች ናቸው፤ እሱ ጎልማሳ ነበር። እኛም አገር በቴአትር መጀመሪያ ዘመን ወንዶች ነጠላ ተከናንበው ሴት ሆነው ይጫወቱ ነበር። ዛሬ ያን ‹ኦሪጅናል› እንመልስ የሚል አልሰማሁም።

በ2004 ደግሞ «ሮሚዮና ጁልየት»ን በሼክስፒር ዘመን አነጋገር አሳዩ። የቋንቋ ሊቁ ዴቪድ ክሪስታል ነው ያሠለጠናቸው። እዚህ ጋ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። መግቢያው ላይ ‹ሎይንስ› የምትል ቃል አለች፤ ዘር የሚወጣበት ወገብ ማለት ናት። ያኔ ስትነገር ‹ላይንስ› ትመስል ነበር፤ እሱ ደግሞ የዘር ሐረግ ነው። በዛሬው እንግሊዝኛ ሰሙ ብቻ ቀርቷል። አነጋገሩን ሲመልሱት ወርቁ ወጣ። ደግሞ በሌላ በኩል ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ሐምሌት»ንና «ኦቴሎ»ን ወደ አማርኛ ሲመልስ ከእንግሊዝኛው ድምፅ ምንም አልተረፈም። ፎርጅድ ነው የሚል ካለ ይምጣና ከኔ ጋር ይከራከር።

የመብራቱን ነገር ሳልነግርዎ አላልፍም። የጥንቱ ግሎብ ከሰዓት በኋላ፣ በፀሐይ ብርሃን ነበር የሚያሳየው። ተዋናዩ እርስዎን ያያል፤ እርስዎም ፊት ለፊት የቆመውን ሰው ያያሉ። በ2016 አዲሷ ኃላፊ ኤማ ራይስ የመድረክ መብራትና ድምፅ ማጉያ አስገባች። ቲኬቱ በደንብ ተሸጠ። ቦርዱ ግን በዚያው ዓመት ወደ ቀድሞው ብርሃን እንመለሳለን አለ፤ እሷም በ2018 ለቀቀች። ለኔ ከግሎብ ዕቃ ሁሉ ይህ ብርሃን ይበልጣል። ስፌቱን ሙዚየም ሄጄ ማየት እችላለሁ።

ሱፉስ? በ1925 ባሪ ጃክሰን የሚባል የቴአትር ሰው ለንደን ላይ «ሐምሌት»ን በ1920ዎቹ ልብስ ሲያሳይ ጋዜጦቹ በሐምሌት ሱሪ ቀለዱ። እሱ ግን ሼክስፒርም የራሱን ጊዜ ልብስ አልብሶ ነው ያሳየው የሚል መልስ ነበረው። ትክክል ነው። እንግዲህ እርስዎ ያዩት በአሠራሩ ለሼክስፒር ከኪን የሙዚየም ካባ ይቀርባል። ደካማ ተውኔት ሊሆን ይችላል፤ አላየሁትም። ሞባይል ይዞ መውጣት ብቻውን ጥሩ አያደርገውም። ፎርጅድ ግን አይደለም።

ግሎብ ግን ይሂዱ። የማታውን ትተው የቀኑን ይምረጡ። የቁም ቲኬት ይግዙ፤ ርካሹ እሱ ነው፣ ለመድረኩም ከሁሉ ይቀርባል። ተዋንያኑ ሱፍ ለብሰው ሊወጡ እንደሚችሉ አስቀድሜ ልንገርዎ። ሜዳው ጣሪያ የለውም፣ ጃንጥላ መዘርጋትም አይፈቀድም፤ ባለኮፍያ የዝናብ ልብስ ይያዙ። ምቹ ጫማ ያድርጉ፤ ለባለቤትዎም ይንገሯቸው።